የጎማ እንቁራሪትና የአባቴ ጾም

ቁጭ ብሎ መጠበቅ ለእኔ አልተሰጠኝም። ሻይ የምጠጣው ቆሜ ነው፤ ስልክ የማወራው እየተንጎራደድኩ ነው፤ ባለቤቴ «ወለሉን ጨረስከው» ትለኛለች። ሥራዬም ለዚህ ጠባይ የተመቸ ነው። የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነኝ፤ በሞተር ሳይክል ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ ከብት እከትባለሁ። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔም አላርመውም። እንደ እኔ ያለ ሰው ዓሣ አጥማጅ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ ማንም አልነበረም። ወደዚያ የወሰደኝ የአባቴ ቁስል ነው።

አባቴ ከመንዝ ደጋ መጥተው እዚህ አገር ያረጁ መምህር ናቸው። መጀመሪያ አዲሎ፣ ቀጥሎ ሆመቾ፣ በመጨረሻ ሆሳዕና ከተማ አስተማሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ አንጀታቸው ታጥፎ በድንገት ኦፕሬሽን ተደረጉ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቁስሉ ግን አልገጥም አለ። ክሩ ከወጣ በኋላ ከታች በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ተከፍቶ ቀረ። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈና ወደ እኔ ዞሮ፣ «መድኃኒቱ ብቻውን አይዘጋውም። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት ይብሉ። ሰውነታቸው ምን ይዞ ይጠግን?» አለኝ። ይህን ሲለኝ ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

እኔ የበሬ ቁስል አይቼ በስንት ቀን እንደሚድን የምናገር ሰው ነኝ። ያንን ቁስል ግን ባየሁት ቁጥር አፌ ይደርቅ ነበር። ዳሩ ገርጥቷል፤ ሥጋው ሕይወት የለውም። እንስሳ ቢሆን ለባለቤቱ «መኖውን ለውጥ፣ አለዚያ ታጣዋለህ» እለው ነበር።

የንስሐ አባታቸው ቤታችን ድረስ መጥተው «በሽተኛ ጾም የለበትም፤ ፈቅጄልዎታለሁ» አሏቸው። አባቴ መስቀሉን ተሳልመው፣ እስከ በር ሸኝተው ሲያበቁ ያቀረብንላቸውን የተቀቀለ እንቁላል ወደ ወጥ ቤት መለሱት። «ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሁዳዴ ፈትቼ አላውቅም። አሁን ልሞት ስል ልጀምር?» አሉኝ። ሁለት ሳምንት በሽሮና በጎመን ቆዩ፤ እሱንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ቁስሉ እንደ መክፈት አለ። የንስሐ አባታቸው ተመልሰው መጡ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ዓሣ ላይ ተስማሙ። አባቴ በደህናው ጊዜ በሁዳዴ ዓሣም አይበላም ባይ ነበሩ፤ ስለዚህ ይህች ራሷ ትልቅ ሽንፈት ነበረች። ሽንፈታቸውን ግን በአንድ ነገር አሰሯት። «ክንፍና ቅርፊት ያለው ከሆነ ነው» አሉ። «መጽሐፍ እንደሚለው። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ለእኔ እባብ ነው።»

መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ ከሐዋሳ በመኪና የሚመጣ ዓሣ ገዛሁ። አባቴ ሳህኑን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ «ይሄ ከእኔ ቀድሞ የሞተ ነው» ብለው ገፉት። እውነታቸውን ነበር። በማግስቱ ወደ ቦዮ ሐይቅ ነዳሁ።

ቦዮ ዳር ከብቶቹን የማክምለት አንድ ገበሬ አለ። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ይበልጣል፤ በበጋ መረብ ይጥላል። ጉዳዬን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ዶክተር፣ በዚህ ወር መረብ አይሠራም» አለኝ በሃዲይኛ ዜማ በሚሄድ አማርኛው። «ውሃ ሸሽቷል። የቀረውን ሳር ይዞታል። መረብ ብጥል ሳር ነው የማወጣው።»

«ዓሣውስ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ሳሩ ሥር ነው ያለ። ስማ።»

ሰማሁ። ከተንሳፈፈው ሳርና ከውሃው ቅጠል ሥር፣ ሰው ትኩስ ሻይ ፉት ሲል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ከዚህም ከዚያም ይመጣ ነበር። መብላታቸው ነው። ትል የተሰካበት መንጠቆ ደጋግሜ ጣልኩ፤ እንዳለውም በየጊዜው ያወጣሁት አንድ እቅፍ ሳር ነው። ዓሣው እግሬ ሥር ፉት እያለ እኔ ባዶ እጄን ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ሞተሩን የነዳሁት በንዴት ነበር።

በዚያው ሳምንት ልባሽ ጨርቅ ተራ ለራሴ ጃኬት ስፈልግ፣ ባለሱቁ መሬት ላይ ከዘረገፈው ያገለገለ መጫወቻ መካከል አንዲት የጎማ እንቁራሪት አየሁ። አረንጓዴ ናት፤ ሆዷ ነጭ ነው፤ በእግሯ ፈንታ ሁለት ጭራ የላስቲክ ክር ተንጠልጥሎባታል። ለመጫወቻ ከበደችኝ፤ ገዝቼ ቤት ወሰድኳት። ባለቤቴ ተቀብላኝ ጨመቅ ስታደርጋት «እህ!» ብላ ጣለቻት። አውራ ጣቷ ደምቷል። እንቁራሪቷን አንስቼ ገለበጥኳት። ሆዷ ባዶ ነው፤ እንደ ኳስ አየር ብቻ። ሁለት መንጠቆዎች ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ጀርባዋ ላይ ተለጥፈው ተኝተዋል። ዝም ብለው ሲዳስሷት አይነኩም። ሲጨምቋት ግን ገላዋ ይወርድና መንጠቆዎቹ ይወጣሉ። ባለቤቴ ጣቷን እየመጠጠች ትራገማለች፤ እኔ ደግሞ ወጥ ቤት መሀል ቆሜ እስቃለሁ። ሳር ላይ ብትሄድ ሳር አትይዝም፤ አፍ ሲዘጋባት ብቻ ነው የምትነክሰው። ለቦዮ የተሠራች መሰለችኝ።

ቀሪውን ከኢንተርኔት ተማርኩ። ኮፍያ ያደረገ አንድ ፈረንጅ ጀልባ ላይ ቆሞ ይህችኑ እንቁራሪት በቅጠል በተሸፈነ ውሃ ላይ ያራምዳል። የሚያጠምደው ባስ የሚባል አፈ ሰፊ ዓሣ ነው። ቦዮ ባስ የለም፤ ያም ሆኖ ቪዲዮውን አቁሜ የዓሣውን ጎን በጣቴ አጎላሁት፤ ቅርፊቱ እንደ ጣራ ክዳን ተደርድሯል። ደስ አለኝ። ጠንካራ ዘንግ፣ ክር መጠቅለያና የተጎነጎነ ክር ሐዋሳ በሚመላለስ ሾፌር አስመጣሁ።

እንቁራሪቷን ማራመድ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው። ትወረውራታለህ፤ ሳሩ ላይ ዱብ ትላለች። የዘንጉን ጫፍ ነካ፣ ነካ፣ ነካ ታደርጋለህ፤ ክሩን ሳትወጥር። ያኔ አፍንጫዋን አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያደረገች ትሄዳለች። ሳሩ መሀል ክፍት ውሃ ስታገኝ ቆም ታደርጋታለህ። ቆም በማድረጉ ላይ ነው ችግሬ። እኔ አላቆምም። ባቆምም ዓሣው ሲመታ መታገስ አልችልም። ውሃው በድንገት ይፈነዳል፤ ልቤ ይዘላል፤ እጄ ከልቤ ቀድሞ ዘንጉን ይነጥቃል፤ እንቁራሪቷ በአየር ላይ በርራ ደረቴ ላይ ትለጠፋለች። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ገበሬው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳቁ ሊገድለው ደረሰ።

«ዶክተር፣ አፉን ሳይዘጋ ነው የምታወጣበት። የሰው ጉርሻ ትነጥቃለህ እንዴ?»

«እና ምን ላድርግ?»

«ውሃው ሲፈነዳ ምራቅህን ዋጥ። ከዚያ ክሩ እጅህ ላይ ሲከብድ፣ ያኔ ሳብ።»

«የምውጠው ምራቅ የለኝም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ አፌ ኩበት ሆኖ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼም የምለቅመው አጥቻለሁ።

በመፃጉዕ፣ በጾሙ አራተኛ ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ግን ያለ እኔ ፈቃድ ሆነልኝ። እንቁራሪቷን ወርውሬ ገና ሳላራምዳት ሞተሬ የወደቀ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ውሃው ሲፈነዳ ሰማሁ፤ እስክዞር ድረስ ክሩ ከብዶ ነበር። በሙሉ ኃይሌ ሳብኩ። ዓሣው ከነሳሩ እየተጎተተ መጣ፤ ገበሬው እየሮጠ ውሃው ውስጥ ገብቶ በሁለት እጁ አወጣው። ክንድ የሚያህል፣ ጠፍጣፋ ራስ፣ እንደ ድመት ጢም ያለው፣ ጥቁርና ልስልስ። አምባዛ ነበር። በእጄ ከራስ እስከ ጭራ ዳሰስኩት። እንደ እርጥብ ሳሙና ያዳልጣል። አንዲት ቅርፊት የለውም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ብዬ የምጽፈው ስላልለመደብኝ ነው።

«ምን ሆንክ? ትልቅ ዓሣ ነው» አለ ገበሬው።

ነገርኩት። እሱ እምነቱ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕግ የለበትም፤ ግን አልቀለደብኝም። ዓሣውን ሳሩ ላይ አስቀምጦ፣ «ቆዳው ከተገፈፈ ሁሉም ነጭ ሥጋ ነው» አለ። እንደ ምክር አላለውም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ጥፋቱን በእሱ ላይ ልጥል አልፈልግም። ቢላዋውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እዚያው ቆዳውን ገፈፍኩ፣ አጥንቱን አወጣሁ፣ ሥጋውን ከአሮጌ የክትባት ሳጥን ውስጥ በበረዶ አስቀመጥኩ፣ ራስና ጭራውን ለአሞራ ወረወርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ለመድረስ እንዴት እንደነዳሁ አሁን ሳስበው ያስፈራኛል።

ባለቤቴ ዱራሜ ነው ያደገችው፤ እምነቷ ከእኛ ይለያል። የአባቴን ጾም ግን ከእኔ የበለጠ የምትጠብቀው እሷ ናት። የጾም ድስታቸውን ለብቻ ታስቀምጣለች፤ ማንኪያቸውን ሌላ ማንኪያ አይነካውም። ሥጋውን አይታ፣ «ምን ዓሣ ነው?» አለችኝ። መዋሸት ነበረብኝ፤ ለእሷ ግን አልሆነልኝም። ስነግራት ድስቱን ከእሳቱ ላይ አነሳችው።

«ቁስሉን አይተሽዋል» አልኳት። «ትናንት አይተሽዋል። ፋሲካ እስኪደርስ የሚቆይ ይመስልሻል?»

ድስቱን ወደ እሳቱ መለሰችው። «እሠራዋለሁ» አለች። «አልነግራቸውም። እሳቸው ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። ይህን እወቅ።»

አባቴ አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ አማትበው በሉ። ዓሣ የሚያውቁት በመጽሐፍ ነው፤ መንዝ ላይ ማን ዓሣ አሳያቸው! ሳህኑን በእንጀራ ጠርገው ጨረሱ። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ «አንተን የወለደ አልሞተም። ልጆችህ እንዲሁ ያብሉህ» ብለው መረቁኝ። በሕይወቴ ከብዙ በሬ እርግጫ አምልጫለሁ። ከዚያ ምርቃት ግን ማምለጫ አልነበረኝም፤ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ በሁለት ቀን አንዴ እሄድ ነበር። ሥራዬን ገና ሳይነጋ ጀምሬ፣ ረፋዱን ቦዮ፣ ዘጠኝ ሰዓት ቤት። ምራቅ መዋጡን እየተማርኩ መጣሁ። የአምባዛ ጥርስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ እንቁራሪቷን ፈገፈጋት፤ ሆዷ ተበስቶ ውሃ እየገባ መስመጥ ጀመረች። በየጥቂት ውርወራው እየጨመቅኩ ውሃዋን አስተፋታለሁ፤ ማታ ደግሞ ጎሚስታ ጎማ በሚለጥፍበት ሶሉሽን እለጥፋታለሁ። አንድ ቀን ስለጥፋት አባቴ በከዘራ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እንቁራሪቷን ተቀብለው አገላበጧት፤ እንዴት እንደምትሠራ አስረዳኋቸው። ሳቁ፤ ከኦፕሬሽኑ ወዲህ ሲስቁ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው።

«ከላይ ምግብ፣ ከውስጥ መንጠቆ» አሉ። «ምስኪን ዓሣ። እሱማ እራቴ መጣ ብሎ ነው አፉን የሚከፍተው።»

ተነስቼ ሞተሩን ላጥብ ብዬ ሄድኩ፤ ሞተሩ ጠዋት ታጥቦ ነበር።

ቁስሉ ግን መልስ ሰጠ። ዳሩ ቀላ፤ ከሥሩ አዲስ ሥጋ ማብቀል ጀመረ። አንድ ጎረቤታችን ነርስ ፋሻውን ስትቀይር «ምን እያበላችኋቸው ነው?» አለች። አባቴ በኩራት «ልጄ የሚያጠምደው ዓሣ» አሏት። በየቀኑ አንድ ነገር ይሻላቸዋል፤ በየቀኑ እኔ ይብስብኛል። እንቅልፍ አጣሁ፤ ሰው ሲያናግረኝ አላዳምጥም፤ አንድ ጊዜ አንዷን ላም ሁለቴ ልከትብ ስል ባለቤቷ እጄን ያዘኝ።

መውጫ ፈለግሁ። አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ቅርፊት ያለው ዓሣ ባገኝ ከዚያ በኋላ የማቀርብላቸው እውነት ይሆናል፣ ያለፈውም እየራቀ ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። ገበሬው፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ቅርፊት ያለው ትልልቅ ነጭ ዓሣ እንዳለ፣ አንዳንዴም ውሃ ላይ የወደቀ ነገር እንደሚመታ ነገረኝ። በገብር ኄር፣ በስድስተኛው ሳምንት፣ ጭቃውን እስከ ጉልበቴ እየረገጥኩ እዚያ ደረስኩ። ሁለት ሰዓት ወረወርኩ፤ ምንም። እግሬ ሊሄድ ሲል የመጨረሻ ብዬ ወረወርኳት፤ ከሳሩ ጫፍ ወደ ክፍቱ ውሃ አንሸራተትኳትና አቆምኳት። አመታቱ እንደ አምባዛው አልነበረም፤ ከሥር መጥቶ እንቁራሪቷን ይዞ ወደ ላይ ዘለለ። ጎኑን አየሁት። ፀሐይዋ አርፋበት ቅርፊቱ አንድ በአንድ ያበራ ነበር።

ምራቄን አልዋጥኩም። ነጠቅኩት። እንቁራሪቷ ባዶዋን ተመለሰች።

ውሃው ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ያለ ሰው፣ በዓሣ። ሲመሽ አንድ አምባዛ ይዤ ገባሁ። አባቴ ለእኔ ሲሉ ጾማቸውን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አቆይተው ጠበቁኝ። በሉ፤ መረቁኝ።

የሆሳዕና ዕለት አባቴ በከዘራቸው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመለሱ። ከኦፕሬሽኑ ወዲህ በእግራቸው ከግቢ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የዘንባባ ቀለበት እየሠሩ፣ «አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «ኦፕሬሽን ክፍል ሲያስገቡኝ ተስያለሁ። ከዚህ ከወጣሁ በሕማማት እቆርባለሁ ብዬ። እናትህ ካረፈች ወዲህ ቆርቤ አላውቅም። ትናንት ንስሐዬን ጨርሻለሁ። ሐሙስ እቆርባለሁ።» ቀለበቱን በጣቴ አጠለቁልኝ። «ቁስሌንም አዳንክ፣ ጾሜንም ጠበቅክልኝ። ድርሻህ ብዙ ነው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እሑድ ነበር፤ አፌም ተከፍቶ ነበር። ግን ቁስሉ ገና የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ቀርታዋለች፤ ነገሩን ካወቁ ከእጄ ምንም እንደማይበሉ አውቃለሁ። ሁለት ቀን ብቻ ልጨምር፣ አንድ ዓሣ ብቻ አልኩ። ሰኞ አልተናገርኩም። ማክሰኞ አልተናገርኩም። ባለቤቴ ሳህን ስታቀርብ አይኔን አታይም ነበር። ቤቱ ውስጥ አንድ ቦታ መቆም አልቻልኩም፤ ጓሮ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ በር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክፍላቸው ስገባ አባቴ ለነገ የሚለብሱትን ነጭ ነጠላ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እያጠፉ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣

«አባባ፣ ሲበሉት የነበረው ዓሣ ቅርፊት የለውም። አምባዛ ነው» አልኳቸው።

እጃቸው ነጠላው ላይ ቆመ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ከመፃጉዕ ጀምሮ?»

«አዎ።»

«ሚስትህስ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ያስገደድኳት እኔ ነኝ። ቢጠይቋት ትነግርዎት ነበር።»

«ምን ብዬ ልጠይቃት?» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። «ልጄ ያመጣውን ምን ብዬ ልጠይቅ?»

ሐኪሙ ያለውን፣ ቁስሉን፣ እንዳይሞቱብኝ መፍራቴን፣ ያመለጠኝን ነጭ ዓሣ ሁሉ ባንድ ላይ አወራሁ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ቅዳሜ ብትነግረኝ ንስሐ እገባበት ነበር» አሉ። «እሑድ ጠዋትም ብትነግረኝ የንስሐ አባቴን አላጣቸውም ነበር። አሁን ሕማማት ገብቷል፤ እስከ ዓርብ ከኃጢአት የሚፈታ ቄስ የለም። ሁልጊዜ ትቸኩላለህ። ምነው ለዚህ ዘገየህ?»

ነጠላውን እንደገና አጥፈው ሳጥኑ ውስጥ መለሱትና ክዳኑን ገጠሙት። በዚያን ቀን ምግብ አልቀመሱም።

ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከኋላቸው ራቅ ብዬ ተከተልኳቸው። ቆራቢዎቹ ሲገቡ አባቴ ውጭ ከሚቀሩት ጋር ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ቀሩ። የሚያውቋቸው ሰዎች በመገረም አዩዋቸው፤ እቆርባለሁ ብለው ነግረዋቸው ነበር። ዓርብ ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ። እሳቸው ግራ ቀኙን ሰምተው፣ አባቴን «ባለማወቅ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ያድርስዎት» ብለው እንደ ስቅለት ወግ በወይራ ቅጠል ትከሻቸውን ነካ ነካ አደረጉና፣ የንስሐውን ስግደት ለእኔ አዘዙ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። እውነቱን ልናገር፣ እያንዳንዱን በደስታ ነው የሰገድኩት፤ ቢያንስ የሚሠራ ነገር አገኘሁ።

ቦዮ አሁንም እሄዳለሁ። ገበሬው ወዳጄ ሆኗል፤ አምባዛውን እሱ ቤተሰቡን ያበላበታል፤ እኔ ማጥመዱን ብቻ እወስዳለሁ። ከአሥር ዘጠኙን አላስመልጥም። የአባቴም ቁስል ገጥሟል፤ ጠባሳው ቀጭን ነው። ነርሷ እንደዚህ በደህና የገጠመ በእድሜያቸው አላየሁም ብላለች። ነገሩን ለወዳጆቼ ሳወራ «እና አዳንካቸው አይደል?» ይሉኛል። አዎ፣ አድኛቸዋለሁ። ያንን አልክድም፤ እንደገና ያው ቁስል ቢመጣ ምን እንደማደርግም አላውቅም።

የዚያው ዓመት ፋሲካ ዕለት ምሳ ላይ ባለቤቴ የበግ አልጫ ሠራች። ትሪው መሀል ላይ ተቀመጠ። አባቴ እጃቸውን ታጥበው ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ሞልቷል፤ ቀለማቸው ተመልሷል። እንጀራ ቆረስኩና ከወጡ አድርጌ ወደ እሳቸው በኩል አደረግኩ። አላነሱትም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«በግ ነው፣ አባባ።»

ወደ ባለቤቴ ዞረው አዩ። እሷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ «አዎ» አለች። ያኔ አማትበው መብላት ጀመሩ።